ሶፍትዌሩን ከመቀየርዎ በፊት አፍንጫውን ይዩልኝ

ጥያቄ፦ «የ18 ሰዎች የኤምኢጂ (የአንጎልን መግነጢሳዊ መስክ ከራስ ውጭ የሚለካ መሣሪያ) ቀረጻ አለኝ። የ14ቱ ኤምአርአይ (የራስና የአንጎል ምስል) በእጄ ነው፤ የ4ቱ የለም። ቀረጻውን ከኤምአርአዩ ጋር ያጣጣምኩት በኤምኤንኢ ፓይተን ሶፍትዌር አውቶማቲክ መንገድ ነው። አማካይ ስህተቱ 2.1 ሚሊሜትር ነው ይለኛል። ግን በ3 ሰዎች ላይ፣ ምስል ሲያዩ የተነሳው ምላሽ በቢምፎርመር (ምላሹ ከአንጎል የት እንደመነጨ በሚያሰላ ዘዴ) ስፈልገው ከአንጎል ኋላ ሥር ባለው ሴሬቤለም ውስጥ ገብቶ አገኘዋለሁ። አንድ ባልደረባዬ ስኬሊንግ (የራሱን መጠን ማሳደግ ወይም ማሳነስ) ፍቀድለት አለኝ፤ ፈቀድኩለት፤ ስህተቱ ወደ 1.2 ወረደ። ሌላው ደግሞ ሶፍትዌሩን ተወውና ወደ ፊልድትሪፕ ወይም ወደ ብሬይንስቶርም ሂድ ይለኛል። ለመሆኑ የኤፍኤምአርአይ (የአንጎልን ሥራ በምስል የሚያሳይ ዘዴ) ሰዎች እንደሚያደርጉት ሁለቱን ምስሎች በራሱ የሚያጣጥም ሶፍትዌር የለም? ኤምአርአይ የሌላቸውን 4 ሰዎችስ ምን ላድርጋቸው? በዲጂታይዘር (የነጥብን ቦታ በእስክሪብቶ በሚመዘግብ መሣሪያ) የወሰድኩት 3ቱን ዋና ነጥቦችና ራስ ላይ 40 ያህል ነጥቦችን ነው፤ አብዛኞቹ አናት አካባቢ ናቸው።»

መልስ፦ «ሁለቱን ምስሎች» ካሉት ልነሳ፤ ሌላው ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነውና። እርስዎ ጋ ያለው ምስል አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ኤምአርአዩ። የኤፍኤምአርአይ ሰዎች ሥራ የሚቀላቸው ሁለቱም ፋይላቸው የአንጎል ምስል ስለሆነ ነው። ሶፍትዌሩ የአንዱን ጠርዝና እጥፋት ከሌላው ጋር እያስተያየ እስኪገጥምለት ይገፋዋል፣ ያዞረዋል። ኤምኢጂ ውስጥ እንዲህ የሚያስተያዩት ነገር የለም። ፋይሉ የያዘው ከራስ ውጭ የተደረደሩ ሴንሰሮች በየቅጽበቱ የለኩትን ቁጥር ነው። የሚለኩት መስክ በመቶ ፌምቶቴስላ አካባቢ ነው፤ የምድር መግነጢሳዊ መስክ ይህን በመቶ ሚሊዮኖች እጥፍ ይበልጠዋል። ከዚህ ቁጥር ውስጥ አፍንጫም ጆሮም አይወጣም። ስለዚህ የሚጠይቁት ዓይነት ሶፍትዌር የለም፤ ሊኖርም አይችልም።

ታዲያ ሁለቱን የሚያገናኘው ምንድን ነው? በዲጂታይዘሩ እስክሪብቶ የነኳቸው ነጥቦች ናቸው። ከቀረጻው በፊት ተሳታፊው ራስ ላይ ትንንሽ ጥቅልሎች ይለጠፋሉ። በእስክሪብቶው የጥቅልሎቹን ቦታ፣ የአፍንጫውን ሥርና ከሁለቱ ጆሮዎች ፊት ያሉትን ነጥቦች (3ቱ ዋና ነጥቦች የሚባሉት እነዚህ ናቸው)፣ ከዚያም የራሱን ቅርጽ ይመዘግባሉ። ሰውዬው መሣሪያው ውስጥ ሲገባ ጥቅልሎቹ ምልክት ይልካሉ፤ ሴንሰሮቹም የት እንዳሉ ያውቃሉ። በዚህ መሣሪያውና ራሱ ተገናኙ። ይህ የመጀመሪያው ሰንሰለት ነው፤ መሣሪያው ራሱ ይጨርሰዋል። ሁለተኛው ሰንሰለት ራሱን ከኤምአርአዩ ጋር ማገናኘት ነው። «ማጣጣም» የምንለው ይህንን ነው። የሚፈለገውም 6 ቁጥር ብቻ ነው፦ 3 ለመግፋት፣ 3 ለማዞር።

አሁን ወደ «አውቶማቲክ» እንምጣ። ቃሉ ብዙ ሰው ያሳስታል። 3ቱ ዋና ነጥቦች በዲጂታይዘሩ በኩል አሉ፤ እጅዎ ነክቷቸዋል። በኤምአርአዩ በኩልስ ማን አስቀመጣቸው? እርስዎ በመዳፊት ካላስቀመጧቸው ሶፍትዌሩ ገምቷቸዋል ማለት ነው። ኤምኤንኢ ፓይተን ይህን የሚያደርገው ኤፍኤስአቬሬጅ ከተባለው የአማካይ ራስ ላይ የታወቁትን ነጥቦች ወስዶ፣ የተሳታፊው አንጎል ከአማካዩ ጋር በተጣጣመበት ስሌት መልሶ ወደ ተሳታፊው ራስ በመጣል ነው። ኤፍኤስአቬሬጅ የተሠራው ከ40 ሰዎች አንጎል ነው። የእርስዎ ተሳታፊ አንጎሉ ወደ አማካዩ ቢቀርብም አፍንጫው ላይቀርብ ይችላል። ስሌቱ የሚያየው አንጎልን እንጂ ፊትን አይደለምና። ግምቱ ለመነሻ ጥሩ ነው። ለመድረሻ ግን አይሆንም።

እስቲ የ3ቱን ሰዎች ነገር በቁጥር እንየው። ናዚዮን የምንለው ነጥብ ግንባርና አፍንጫ የሚገናኙበት ጎድጓዳ ቦታ ነው። ብዙ ጊዜ በስህተት የሚመረጠው ከዚያ ከፍ ብሎ በቅንድቦች መካከል ያለው ነው፤ ልዩነቱ 6 ሚሊሜትር ቢሆን አይደንቅም። በኤምአርአዩ ላይ ነጥቡ 6 ሚሊሜትር ወደ ላይ ሲቀመጥ ሶፍትዌሩ የተነካውን ናዚዮን ወደ ላይ ይጎትተዋል። የጆሮ ነጥቦቹ ከተያዙ ደግሞ ራሱ በሙሉ በጆሮዎቹ መስመር ዙሪያ ይዞራል፤ ፊቱ ይወጣል፣ ማጅራቱ ይወርዳል። ከጆሮዎቹ መስመር እስከ ናዚዮን ከ9 እስከ 10 ሴንቲሜትር ነው እንበል። 6 ሚሊሜትር እዚህ ርቀት ላይ ከ3 ዲግሪ በላይ መዞር ነው። የእይታ ኮርቴክስ (የሚታየውን ነገር የሚያስተናግደው የአንጎል ክፍል) ከዚያው መስመር ወደ ኋላ 8 ሴንቲሜትር ያህል ቢርቅ በ5 ሚሊሜትር ገደማ ይወርዳል። ከሥሩ ደግሞ ሌላ አካል የለም፤ ወዲያው የሚገኘው ሴሬቤለም ነው፤ ሁለቱን የሚለያቸው ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ያዩት ነገር ይህንን ይመስላል። ከ14ቱ 11ዱ ደህና ሆነው 3ቱ ብቻ ወደ አንድ አቅጣጫ መውረዳቸውም ከሶፍትዌር ጉድለት ይልቅ ወደ ነጥብ ስህተት ይጠቁማል።

«ግን እኮ ከዋናዎቹ ነጥቦች በኋላ አይሲፒ ይሠራል፤ እሱ ያስተካክለው የለም ወይ?» ይሉ ይሆናል። አይሲፒ፣ ቤስልና ማኬይ በ1992 ያሳተሙት ዘዴ፣ እያንዳንዱን የነኩትን ነጥብ በኤምአርአዩ የቆዳ ገጽ ላይ ለእሱ ከሚቀርበው ቦታ ጋር ያጣምራል። ራሱን ትንሽ ያንቀሳቅሳል፤ እንደገና ያጣምራል፤ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ጥሩ ዘዴ ነው። ችግሩ የሚያገኘው ለመነሻው የሚቀርበውን ማረፊያ ነው። መነሻው ከተጣመመ እሱም ጠማማ ቦታ ላይ ይቆማል። የእርስዎ 40 ነጥቦች ደግሞ አብዛኞቹ አናት ላይ ናቸው። አናት ክብ ነው። ኳስ ላይ ቆብ ይድፉና ያዙሩት፤ ባዞሩትም ጊዜ ሁሉ ልክ ነው። ክብ ነገር መዞርን አይከለክልም። መዞርን የሚከለክለው ጎበጥ ጎደል ያለው ቦታ ነው፤ አፍንጫ፣ ቅንድብ፣ የዓይን ዙሪያ አጥንት።

2.1 ሚሊሜትር የሚለው ቁጥርም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ይህ የማጣጣሙ ስህተት አይደለም። እያንዳንዱ ነጥብ ከቆዳው ገጽ ምን ያህል እንደራቀ የሚናገር ቀሪ ርቀት ነው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስልዎ። ቆቡ በኳሱ ላይ 20 ዲግሪ ቢዞር እንኳ ቀሪው ርቀት ዜሮ ነው፤ ስህተቱ ግን ሴንቲሜትሮች ነው። ከፍተኛ ቀሪ ርቀት መጥፎ ዜና ነው፤ ዝቅተኛው ግን በራሱ የምሥራች አይደለም። እኔ ራሴ በጀማሪነቴ ይህን ቁጥር በየተሳታፊው ስም ሥር በኩራት እጽፍ ነበር። ትዝ ሲለኝ ያሳፍረኛል።

ስኬሊንጉን ዛሬውኑ ያጥፉት። ባልደረባዎ በቅንነት የሰጡት ምክር ነው፤ ግን ስህተት ነው። ለስሌቱ ከ6 ቁጥር በላይ ከሰጡት ቀሪው ርቀት መውረዱ የማይቀር ነው፤ ወረደ ማለት ግን ተሻለ ማለት አይደለም። ቀረጻውም ኤምአርአዩም የአንድ ሰው ናቸው። የአንድ አዋቂ ራስ ቅል በሁለት ክፍሎች ውስጥ ሁለት መጠን የለውም። ይልቅ ስኬሊንጉ የሰጠዎትን ቁጥር ሳያጠፉ በፊት ይመልከቱት፤ መረጃ ይዟል። ኤምአርአዩን በ3 በመቶ አሳድጌ ገጠመልኝ ካለዎ፣ የራስ ግማሽ ስፋት 8 ወይም 9 ሴንቲሜትር ስለሆነ ልዩነቱ 2.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ይህ የፀጉር ውፍረት ያህል ነው። እስክሪብቶው ቆዳ አልነካም፤ ፀጉር ላይ ቆሟል ማለት ሊሆን ይችላል። ስኬሊንግ ይህን ስህተት አንጎሉን በማሳደግ ሸፈነልዎ እንጂ አላረመውም። ስኬሊንግ ቦታው አንድ ነው፦ የሰውየው ኤምአርአይ ከሌለና የሌላ ሰው ራስ ከተዋሱ። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ሶፍትዌር መቀየር ይህን አይፈታም። ኤምኤንኢ ፓይተን፣ ፊልድትሪፕ፣ ብሬይንስቶርምና ኤስፒኤም በስም ይለያዩ እንጂ ሁሉም መጀመሪያ በዋና ነጥቦች ያስቀምጣሉ፤ ቀጥለው በራስ ቅርጽ ነጥቦች ያሻሽላሉ። ልዩነታቸው የሚጠቀሙበት ቋንቋ፣ የመስኮቱ ምቾትና የመነሻ ምርጫቸው ነው። ኤምኤንኢ በፓይተን ነው። ፊልድትሪፕ ከኔዘርላንድስ፣ ናይሜኸን ካለው ዶንደርስ ተቋም የወጣ ሲሆን ማትላብ ይፈልጋል። ብሬይንስቶርም በማትላብ የተጻፈ ቢሆንም ያለ ማትላብ ፈቃድ የሚሠራ ቅጂ አለው፤ በመዳፊት ብቻ መሥራት ለሚወድ ሰው ከሁሉም ይመቻል። አንድ ሰው ከዜሮ ቢጀምር ምርጫው የእነዚህ ልማድ ጉዳይ ነው። እርስዎ ግን 14 ሰው ጨርሰዋል። በመሃል መቀየር አዲስ አደጋ ያመጣል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ የራሱ የቦታ አቆጣጠር አለው። በኒውሮማግ መሣሪያ ልማድ ኤክስ የሚባለው የቦታ መለኪያ መስመር ወደ ቀኝ ጆሮ ይሄዳል፤ በሲቲኤፍ መሣሪያ ልማድ ኤክስ ወደ አፍንጫ ይሄዳል። ኤምኤንኢ በሜትር ይቆጥራል፤ ኤምአርአይ በሚሊሜትር፤ ሲቲኤፍ በሴንቲሜትር። ከኤምአርአይ የአንጎል ገጽ የሚያወጣው ፍሪሰርፈር ደግሞ ለገጾቹ መነሻ የሚያደርገው የምስሉን መሃል ነው እንጂ ስካነሩ የሰጠውን ዜሮ አይደለም፤ ይህን ሳያውቅ ፋይል ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግር ሰው አንጎሉ ከራስ ቅሉ ወጥቶ ሲንሳፈፍ ያገኘዋል። ሲንሳፈፍ ከታየ ዕድለኛ ነው። የሚያስፈራው በ1 ሴንቲሜትር ብቻ ሲንሸራተትና ማንም ሳያይ ሲቀር ነው።

ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፤ ባሉበት ሶፍትዌር ይቆዩና የ14ቱንም ነጥቦች በእጅዎ እንደገና ያስቀምጡ። የተበላሹትን 3ቱን ብቻ አላልኩም። ውጤቱ ያላማረውን ብቻ እያነሱ ማረም ራሱ ማዳላት ነው፤ ከቀሩት ውስጥም በአጋጣሚ ጥሩ ቦታ ላይ ያረፈ ሊኖር ይችላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የራሱን ቆዳ ዝርዝር ገጽ ያሠሩ። ለቢኢኤም (መስኩ በራስ ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ ለሚያሰላ ሞዴል) የሚሠራው ሻካራ የቆዳ ገጽ የአፍንጫን ሥር ያደበዝዛል፤ ኤምኤንኢ ለማጣጣም የሚሆን ጥቅጥቅ ያለ ገጽ የሚያወጣ የራሱ ትእዛዝ አለው። ከዚያ 3ቱን ነጥቦች በቆዳው ገጽ ላይ ብቻ ሳይሆን በኤምአርአዩ ቁራጭ ምስሎችም ላይ አይተው ያስቀምጡ። ናዚዮንን በጎን በሚያሳየው ቁራጭ፣ ከመሃል፣ ጎድጓዳው ላይ። በእነዚህ ነጥቦች ብቻ ያስቀምጡና ቆም ብለው ራሱን ከፊት፣ ከሁለቱም ጎን፣ ከላይ ይዩት። የጠመመ ነገር እዚህ ላይ በዓይን ይታያል። ቀጥሎ አይሲፒውን ለአጭር ጊዜ፣ 6 ዙር ያህል ያስኪዱት፤ ከቆዳው ከ5 ሚሊሜትር በላይ የራቁትን ነጥቦች ይጣሉ፤ እንደገና 20 ዙር ያስኪዱት። የናዚዮንን ክብደት በመጀመሪያዎቹ 6 ዙሮች 2፣ በኋለኞቹ 20 ዙሮች 10 ማድረግ በኤምኤንኢ ተጠቃሚዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ግን ልብ ይበሉ፤ ይህ ክብደት የሚጠቅመው ናዚዮኑ ትክክል ሲሆን ነው። በተገመተ ናዚዮን ላይ 10 ክብደት መጫን ስህተቱን በምስማር መቸንከር ነው። እስካሁን የሆነውም ይህ ይመስለኛል።

የጆሮ ነጥቦቹ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። «ከጆሮ ፊት ያለው ነጥብ» ሲባል አንዱ የጆሮ በር ላይ ካለችው ትንሽ ጉብታ ፊት ይነካል፤ ሌላው ከጉብታዋ በላይ ጆሮ ከፊት ጋር የሚጣበቅበትን፤ ሌላው ቀዳዳውን ራሱን። በእነዚህ መካከል ያለው ልዩነት ከሴንቲሜትር አያንስም ይሆናል። የትኛውም ትክክል ነው፤ ቀረጻው ላይ የነካው ሰውና ኤምአርአዩ ላይ የሚጫነው ሰው አንድ ቦታ ማለታቸው ከሆነ። ቀረጻውን ያደረገው ሌላ ሰው ከነበረ ይጠይቁት። ዛሬውኑ። ሰው ሥራ ይቀይራል፣ ይረሳል። እስከዚያው የሚሆን ቀላል ፈተና አለ፦ በዲጂታይዘሩ የሁለቱን ጆሮ ነጥቦች ርቀት ያስሉ፤ በኤምአርአዩም እንዲሁ። ለሁለቱም ናዚዮንን ጨምረው 3ቱንም ጎኖች ያነጻጽሩ። የአንድ ሰው ሦስት ማዕዘን ነውና መግጠም አለበት። ከ5 ሚሊሜትር በላይ ከተለያየ አንዱ ወገን ሌላ ቦታ ነክቷል። በ10 ወይም በ1000 እጥፍ ከተለያየ ደግሞ የመለኪያ አሃድ ነው፤ ይህ ደስ የሚል ስህተት ነው፤ ወዲያው ይታረማል።

የማይታየው ስህተት ግራና ቀኝ መገለባበጥ ነው። የራስ ቅርጽ በግራና በቀኝ ስለሚመሳሰል የተገለበጠ ኤምአርአይም ቢሆን ያለ ቅሬታ ይገጥማል፤ ቀሪ ርቀቱም ቆንጆ ይሆናል። ራዲዮሎጂስቶች ምስሉን የሚያዩት ታካሚው ፊት ለፊታቸው እንደቆመ አድርገው ነው፤ ግራቸው የሱ ቀኝ ነው። ፋይል ከዳይኮም ወደ ኒፍቲ (ሁለቱም የምስል ፋይል ዓይነቶች ናቸው) ሲቀየር ደግሞ አልፎ አልፎ የተጣደፈ ስክሪፕት ነገሩን ያበላሸዋል። ለወደፊቱ መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ኤምአርአይ ሲነሳ ቀኝ ግንባር ላይ የቫይታሚን ኢ እንክብል ይለጥፉ። በምስሉ ላይ ደምቃ ትታያለች። ለአሁኑ ግን የስካነሩን የመጀመሪያ ፋይሎች እንደገና ይክፈቱና የአንድ ሁለቱን አቅጣጫ ያረጋግጡ።

ኤምአርአዩ ራሱ የታመመ ሊሆንም ይችላል። በ3ቱ ሰዎች ምስል አፍንጫው ሙሉ ነው? የምስሉ መስክ ከጠበበ አፍንጫው ከፊት ይቆረጥና ከማጅራት ጀርባ ብቅ ይላል። ለምስጢር ሲባል ፊታቸው የተፋቀ ምስሎችም አሉ፤ እነሱ ላይ ናዚዮን መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ፊቱ ከመፋቁ በፊት የተቀመጡ ነጥቦች ካሉ ይጠይቁ፤ ደህና ላቦራቶሪ ነጥቦቹን ለብቻ ያስቀምጣቸዋል። የስብን ምልክት የሚያጠፋ ቅንብር ከተመረጠም የራስ ቆዳ ይጨልማል፤ ቆዳውን የሚፈልገው ፕሮግራም ወደ ውስጥ ዘልቆ ይገባል። ይህ ሲሆን ነጥቦችዎ ሁሉ ዙሪያውን በእኩል ከፍ ብለው ይንሳፈፋሉ፤ ከፀጉር ችግር ጋር በጣም ይመሳሰላል። የሚለያቸው አንድ ነገር ነው፦ ፀጉር አፍንጫ ላይ የለም። አፍንጫው ላይ ያሉት ነጥቦች ልክ ከሆኑና አናቱ ብቻ ከተንሳፈፈ ፀጉር ነው። ሁሉም ከተንሳፈፈ ገጹ ነው።

ለቀጣይ ቀረጻ 40 ነጥብ ይረሱት። ከ100 በላይ ይውሰዱ፤ ጊዜው ጥቂት ደቂቃ ነው። ጉልህ ድርሻውን ለአፍንጫ ድልድይ፣ ለቅንድብና ለዓይን ዙሪያ አጥንት ይስጡ። ጉንጭና አገጭ ይተዉ፤ ጉንጭ ሲነካ ይሰረጉዳል፣ አገጭ ይንቀሳቀሳል። አናት ላይ ፀጉሩን በእስክሪብቶው ጫፍ ፈልቀቅ አድርገው ቆዳ ይንኩ። የሚጠቀሙት መሣሪያ እንደ ፖልሂመስ በመግነጢሳዊ መስክ የሚሠራ ከሆነ የብረት ወንበርና ጌጣጌጥ ልኬቱን ያጣምማሉ፤ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ወንበር ያድርጉ። መነጽር ላይ የምትታሠረው ማመሳከሪያ ሴንሰር በመሃል ከተንሸራተተች ከዚያ በኋላ ያለው ነጥብ ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ 3ቱን ዋና ነጥቦች መጀመሪያም መጨረሻም ላይ ይንኩ። ሁለቱ ልኬቶች ከ2 ወይም ከ3 ሚሊሜትር በላይ ከተለያዩ ሰውዬው ገና ወንበሩ ላይ ሳለ ይድገሙት።

ሁለት ጥንቃቄዎች ልጨምር። ከተሳታፊዎችዎ በሌላ ቀን ተመልሶ የተቀረጸ ካለ የመጀመሪያውን ቀን የማጣጣሚያ ፋይል እንዳያውሱት። በአንድ ቀን ውስጥ በተለያዩ ዙሮች ሰውዬው ቢንቀሳቀስ የሚለወጠው የመሣሪያውና የራሱ ግንኙነት ነው፤ እሱን መሣሪያው ይከታተለዋል። በሌላ ቀን ግን ነጥቦቹ በአዲስ እጅ ተነክተዋል፤ የራሱ አቆጣጠር አዲስ ነው። ፋይሉም አዲስ መሆን አለበት። ሁለተኛው ጥንቃቄ፣ ካረሙ በኋላም ምላሹ ሴሬቤለም ላይ ከቀረ በግድ ከዚያ አያስወጡት። ማጅራት ላይ ያለ የአንገት ጡንቻ መወጠርም እዚያው አካባቢ ምልክት ይሰጣል፤ ሴሬቤለም ራሱም ይሠራል። ነጥቦቹን ውጤቱን ሳያዩ ያስቀምጡ፤ ከተቻለ ሌላ ሰው ለብቻው ያስቀምጥና ያስተያዩ። የሁለታችሁ ልዩነት ከ2.1 የበለጠ እውነት ይነግርዎታል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ምን ያህል ትክክል ይሆናል? በነጥቦችና በራስ ቅርጽ የሚሠራ ጥንቁቅ ማጣጣም ጥቂት ሚሊሜትር ስህተት ይቀረዋል፤ ያንን መቀበል ነው። ከዚያ በታች የሚፈልጉ ቤተ ሙከራዎች ከሰውየው ኤምአርአይ ላይ ለራሱ ልክ የሆነ ቆብ በ3ዲ ያትማሉ። ለእርስዎ ጥያቄ ይህ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው መደምደሚያዎ ለነዚያ ሚሊሜትሮች ምን ያህል እንደሚደነግጥ ማወቅ ነው። የተጣጣመውን ፋይል ሆን ብለው በ3 ሚሊሜትር ይግፉት፣ በ2 ዲግሪ ያዙሩት፣ ቢምፎርመሩን ደግመው ያስኪዱ። ይህን በተለያየ አቅጣጫ አሥር ጊዜ ያድርጉት። ቢምፎርመር ከሚኒመም ኖርም (ሌላ የምንጭ መፈለጊያ ዘዴ) ይልቅ ለእንዲህ ያለ ስህተት ስሱ ነው፤ በተለይ ምልክቱ ጠንካራ ሲሆን ምንጩን ራሱን ሊያጠፋው ይችላል። ምላሹ የጎላበት ቦታ ከአንድ የአንጎል ክፍል ወደ ሌላ ከዘለለ «እዚህ ነው» ብለው መጻፍ አይችሉም። ከጸና ይጻፉ።

ኤምአርአይ የሌላቸው 4ቱ። ከሁሉ የሚሻለው ጠርቶ ኤምአርአይ ማስነሳት ነው። አዋቂ ከሆኑ ቀረጻው ካለፈ ዓመት ቢሆነውም ለዚህ ሥራ ችግር የለውም፤ ልጆች ከሆኑ ግን ራሳቸው አድጓልና ጊዜው አልፏል። በነገራችን ላይ፣ ሁለቱንም በአንድ ቀን ለማድረግ የሚያስቡ ከሆነ ኤምኢጂው ይቅደም። ኤምአርአዩ የጥርስ ብረትን ሊያመግነጥስና የቀረጻውን ቀን ሊያበላሽብዎት ይችላል። ማስነሳት ካልተቻለ ኤፍኤስአቬሬጅን በነጥቦቻቸው ልክ አሳድገው ወይም አሳንሰው ይጠቀሙ። ስኬሊንግ የተፈቀደው እዚህ ነው። ነጥቦቹ ጥቂት ስለሆኑ ግን በ3ቱም አቅጣጫ እኩል የሆነውን አንዱን መጠን ብቻ ይፍቀዱ፤ ለየአቅጣጫው ነፃነት ከሰጡት አናት ላይ ብቻ ያሉ ነጥቦች ራሱን እንዳሻቸው ይመጥጡታል። የሚያገኙት የሰውየውን የራስ መጠን ነው፤ የአንጎሉ እጥፋት ግን አሁንም የሌላ ሰው ነው። ስለዚህ «የኋላ ክፍል ግራ በኩል» ማለት ይችላሉ፤ በሴንቲሜትር ውስጥ ያለ ቦታ መጥቀስ አይችሉም። ዋናውን ትንተና በ14ቱ ብቻ ይሥሩ፤ 4ቱን ጨምረው ለብቻ ይድገሙትና ውጤቱ መለወጥ አለመለወጡን ይናገሩ።

ከተሳታፊዎቹ መካከል ለቀዶ ሕክምና የሚታሰብ ታካሚ ካለ ደግሞ ይህ መልስ ለእሱ አይደለም። እዚያ ማጣጣሙን የሚፈትሽና የሚፈርም የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ሶፍትዌሩም ለዚያ አገልግሎት የተፈቀደ መሆን አለበት።

ጽሑፍዎን ሲያዘጋጁ «አማካይ ቀሪ ርቀቱ 2.1 ሚሊሜትር ነበር» በሚል ዓረፍተ ነገር አይለፉት። ስንት ነጥብ እንደወሰዱና የት የት እንደነበሩ፣ ስንቱን እንደጣሉ፣ የጆሮው ነጥብ የትኛው እንደሆነ፣ ነጥቦቹን ማን እንዳስቀመጠና ውጤቱን አይቶ እንደነበር ወይም እንዳልነበር፣ የመግፋቱ ፈተና ምን እንዳሳየ ይጻፉ። ገምጋሚው ካነሳው አይቀር እነዚህን ነው የሚያነሳው።